እሾህን በእሾህ፦ ስለ ቀይ ሸረሪትና ስለ አዳኟ

«እሾህን በእሾህ» የሚለው አባባል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። እግሩን እሾህ የወጋው ሰው ሌላ እሾህ ፈልጎ ያወጣዋል እንጂ እግሩን በመጥረቢያ አይመታም። በእርሻ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናነሣው መጥረቢያውን ነው። አንዲት በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ቅጠል ስታደርቅ ባየን ቁጥር፣ በማሳው ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ወዳጅና ጠላት ሳንለይ በመርዝ እንፈጃለን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠላት በርትቶ ይመለሳል፤ ወዳጅ ግን ቶሎ አይመለስም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ቀይ ሸረሪት የምትባለውን ተባይ በገዛ አዳኟ መቆጣጠር እንዴት እንደሚቻል፣ ይህም ዘዴ በአገራችን የት እንደ ደረሰና በቆሰበር ለምንኖር ተማሪዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጠን ነው። ጉዳዩ የእርሻ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። በጀርባው መርጫ አዝሎ፣ አፍንጫውን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ መርዝ የሚረጨው አባታችን ወይም ወንድማችን ነው። ስለዚህ ሕግ የሚያጠናውም ሆነ ሒሳብ የሚማረው ወንድማችንና እኅታችን ይህን ጽሑፍ ታግሠው እንዲያነቡልን እንለምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጠላቷ ማን ናት?

ቀይ ሸረሪት ስሟ ሸረሪት ይባል እንጂ እውነተኛ ሸረሪት አይደለችም። ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት ወገንም አትቆጠርም። የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ስትሆን ወገኗ በውጭ አገር ቋንቋ ማይት ይባላል። ካደገች በኋላ የእንስቷ ርዝመት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀችው ዐይነት በሳይንስ ስሟ ቴትራኒከስ ኡርቲሴ ትባላለች፤ በጀርባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሏት። ቀለሟም ሁልጊዜ ቀይ አይደለም፤ አንዳንዴ ወደ ቢጫ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ይህች ተባይ ምግብ አትመርጥም። ቲማቲም፣ ፎሶልያ፣ እንጆሪ፣ ፓፓያ፣ ጥጥና ጽጌረዳን ጨምሮ ከ1,000 በሚበልጡ የዕፅዋት ዐይነቶች ላይ መገኘቷ ተመዝግቧል። በቅጠሉ ጀርባ ተቀምጣ መርፌ በመሰለ አፏ የቅጠሉን ሕዋሳት አንድ በአንድ እየወጋች ውስጣቸውን ትመጥጣለች። በመጀመሪያ በቅጠሉ ፊት ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ ይገረጣል፤ በመጨረሻም ደርቆ ይረግፋል። ቁጥሯ ሲበዛ ተክሉን በቀጭን ድር ትሸፍነዋለች። አንዱ ክር ለብቻው ለዓይን አይሞላም፤ ሆኖም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ሁሉ ተክሉ ታስሮ ይቀራል።

ኃይሏ ያለው በአካሏ ሳይሆን በአረባቧ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን ከእንቁላል ተነሥታ ለአቅመ መውለድ ለመድረስ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። አንዲት እንስት በዕድሜዋ 100 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከዚህም በላይ ወንድ ሳይደርስባት የጣለችው እንቁላል ይፈለፈላል፤ የሚወጡት ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ነፋስ አንዲት ድንግል እንስት አንሥቶ በአንድ ማሳ ላይ ቢጥላት ብቻዋን ዘር ልትጀምር ትችላለች ማለት ነው። ሙቀትና ድርቅ ይስማማታል፤ ከመንገድ የሚነሣ አቧራ የለበሰ ቅጠልም ይመቻታል። ከባድ ዝናብ ግን አጥቦ ይጥላታል።

መርዙ ስለ ምን አልበቃም?

አንባቢ፣ «ታዲያ መድኃኒት ይረጭባትና ያልቅ የለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቀይ ሸረሪት በብዙ አዝመራ ላይ ያን ያህል የምትፈራ ተባይ አልነበረችም። ከጦርነቱ በኋላ ዲዲቲ የተባለው መርዝ በፍራፍሬ እርሻዎች ላይ በሰፊው ሲረጭ ግን ድንገት ዋና ጠላት ሆነች። ዲዲቲ እርሷን እምብዛም አይጎዳም ነበር፤ እርሷን እየበሉ ቁጥሯን ሲወስኑ የኖሩትን ጥቃቅን አዳኞች ግን ጨረሳቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናውቃት ብርቱ ተባይ በከፊል የራሳችን የርጭት ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት መልመድ ነው። ከዲዲቲ በኋላ ሌሎች ብርቱ መርዞች መጡ። ነገር ግን ገና በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የጽጌረዳ ቤቶች ውስጥ ፓራታይዮን የማይገድላት ቀይ ሸረሪት ተገኘች። እስከ ዛሬም ከ90 የሚበልጡ የመርዝ ዐይነቶችን መቋቋሟ ተመዝግቧል፤ በዚህ ረገድ ከዓለም ተባዮች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ትውልዷ አጭር ስለሆነ በአንድ በጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትራባለች። ወንዶቹም ካልደረሰ እንቁላል የሚወጡ በመሆናቸው የዘር ቅንጣታቸው ነጠላ ነው፤ መርዝን የሚቋቋም ባሕርይ ያለው ወንድ ያ ባሕርይ ሳይሸፈንበት ወዲያው ይጠቅመዋል። እኛ በረጨን ቁጥር ደካማዎቹን እየገደልን ብርቱዎቹን ለዘር እንመርጥላታለን።

ሦስተኛው ምክንያት ቦታዋ ነው። ተባይዋ የምትኖረው በቅጠል ጀርባና በድር ሥር ሲሆን ርጭቱ የሚያርፈው በቅጠል ፊት ላይ ነው። ገበሬው መርዙ እንዳልሠራ ሲያይ መጠኑን ይጨምራል፤ ወይም ሁለት ሦስቱን ይቀላቅላል። የዚህ ሁሉ ዕዳ በመጨረሻ የሚወርደው በሚረጨው ሰው ሳንባና ቆዳ፣ በንቡና በውኃው ላይ ነው።

አዳኙ

አሁን ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ከዚያው ከማይት ወገን ቅጠል የማይበሉ፣ ሌሎች ማይቶችን እያደኑ የሚኖሩ አሉ። ሊቃውንት ፊቶሴይድ የሚል ስም በሰጡት በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከ2,000 በላይ ዐይነቶች ታውቀዋል። ከእነርሱ ሁሉ ዝነኛው ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። ይህ አዳኝ በ1957 ከአልጄርያ በተገኘ ናሙና መነሻነት በሳይንስ ተጻፈ። በ1958 ደግሞ ከቺሊ ወደ ጀርመን በተላከ የኦርኪድ አበባ ላይ ሳይታሰብ ተገኘ፤ ከዚያም ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተሰራጨ። በሆላንድ ያን ኮፐርት የተባሉ የኪያር ገበሬ መርዙ ጤናቸውን ስለ ጎዳባቸው ሌላ መንገድ ፈልገው በዚህ አዳኝ መጠቀም ያዙ። በ1967ም በስማቸው የሚጠራውን፣ ጠቃሚ ነፍሳትንና ማይቶችን እያረባ የሚሸጠውን ድርጅት መሠረቱ።

መልኩ ብርቱካን መሰል ቀይ፣ ቅርጹ የእንባ ጠብታ የሚመስል፣ እግሩ ረዘም ያለ ነው። ቀይ ሸረሪት ዝግ ብላ ስትሄድ እርሱ ይሮጣል። አንዱ ብቻውን በቀን እስከ 5 የሚደርሱ ያደጉ ቀይ ሸረሪቶችን ወይም 20 ያህል እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ፍጥነቱ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ አካል የሚደርሰው በ5 ቀን ገደማ ስለሆነ ጠላቱን በእጥፍ ይቀድማታል።

ይህ አዳኝ ዓይን የለውም። ታዲያ ምርኮውን እንዴት ያገኛል? በ1980ዎቹ ማርሰል ዲከና ሞሪስ ሳቤሊስ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት ያስረዱት ነገር የሚያስደንቅ ነው። ቀይ ሸረሪት የወጋችው የባቄላ ዘር ተክል ከጤነኛው የተለየ ሽታ ወደ አየር ይለቃል፤ አዳኙም ያን ሽታ ተከትሎ ይመጣል። ተክሉ በቦታው ቆሞ «ድረሱልኝ» ብሎ የሚጮህ ያህል ነው። እኛ ዲዳ ነው የምንለው ተክል ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ አለው። መርዝ ስንረጭ ጩኸቱን ሰምቶ የሚደርስለትን ነው የምናጠፋበት።

አጠቃቀሙ

አዳኙ የሚረባው ሆን ተብሎ ቀይ ሸረሪት በተለቀቀበት የፎሶልያ ተክል ላይ ነው። ከዚያ ተሰብስቦ ከሰጋቱራ ወይም ከሌላ ደቃቅ ነገር ጋር ተደባልቆ በጠርሙስ ይላካል። ሕይወት ያለው ዕቃ ስለሆነ በቀዝቃዛ ሥፍራ ይጠበቃል፤ ሳይዘገይም በማሳ ላይ ይነሰነሳል። ሥራው ቀላል ቢመስልም አራት ነገሮችን ማወቅ ግድ ነው።

አንደኛ፣ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። አዳኙ ገና ጥቂት ተባይ ሳለ ከተለቀቀ ያሸንፋል፤ ድሩ ተክሉን ከሸፈነ በኋላ ቢለቀቅ ግን ቅጠሉ ደርቆ ይቀድመዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ በማሳው እየዞረ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የቅጠል ጀርባ የሚያይና ተባይ ያለበትን ቦታ ምልክት የሚያደርግ ሠራተኛ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ አየሩ ሊስማማው ይገባል። የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ እንቁላሉ ይጨማደዳል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በጣም ሲያልፍም ይደክማል። ለደረቅ ቦታ ኒዮሴዩለስ ካሊፎርኒከስ የተባለው ሌላ ዐይነት ይሻላል። እርሱ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ነገር ግን ድርቀትን ይችላል፣ ምርኮ ሲያጣም የአበባ ዱቄት በልቶ ይሰነብታል። ፊቶሴዩለስ ግን ከቀይ ሸረሪት ወገን ሌላ ስለማይበላ እርሷን ሲጨርስ ይበተናል ወይም በረኃብ ይሞታል።

ሦስተኛ፣ መርዙ መገታት አለበት። በተለይ ፓይረትሮይድ ከሚባሉት መርዞች አንዳንዶቹ በቅጠል ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲቆዩ አዳኙን ይገድላሉ። ለሌላ ተባይ ብሎ አንድ ቀን ያለ ጥንቃቄ የረጨ ሰው የወራት ድካሙን በዚያው ቀን ያጠፋል።

አራተኛ፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መርዝ በረጨን ማግሥት ሬሳ እናያለን። አዳኝ ስንለቅ ግን ውጤቱን ለማየት ሳምንታት እንጠብቃለን፤ ጥቂት ተባይም ሁልጊዜ በማሳው ይኖራል። ዓላማው ጠላትን ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን ጉዳት ከማታደርስበት ልክ በታች መያዝ ነው።

በአገራችን የሆነው

ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ በጉልህ የተሞከረው በጽጌረዳ እርሻዎች ላይ ነው። የአበባ ልማት ከ2000 ዓመት ወዲህ በፍጥነት ሲስፋፋ ቀይ ሸረሪት በፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ብርቱ ችግር ሆነች። ሙቀቱ ተስማማት፤ ዝናብም አይደርስባትም። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር በ2002 ተቋቁሞ በ2007 ለአባሎቹ የአሠራር ደንብ አወጣ። በዚያው ዘመን ከሆላንድ ጋር በተደረገ ትብብር የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና አዳኝ አርቢዎች ከአገር ውስጥ ሠራተኞች ጋር ሆነው ዝዋይን በመሳሰሉ ቦታዎች ሁለቱን አዳኞች በጽጌረዳ ላይ ፈተኗቸው። አዳኞቹ በአገራችን አየር ኖረው ቀይ ሸረሪትን መቆጣጠር ቻሉ፤ በእርሷ ላይ የሚረጨውም መርዝ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ወደ ሌሎች የአበባ እርሻዎችም ተዛመተ።

ጽጌረዳ ለዚህ ሥራ የተመቸበት አንድ ምክንያት አለ። በዘመናዊ አሠራር የማይሸጡት ቅርንጫፎች ወደ ታች ተጎንብሰው ተክሉን እንዲመግቡ ይተዋሉ፤ ለገበያ የሚቆረጠው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ግንድ ነው። የታችኛው ቅጠል ስለማይቆረጥ ጥላና እርጥበት ይይዛል፤ ለአዳኙም ቋሚ ቤት ይሆነዋል።

ትርፉ ለባለሀብቱ ብቻ አይደለም። በአበባ እርሻ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኛ ዕድሜ አይርቅም። መርዝ በተረጨበት ቤት ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲዳስሱ መዋልና አዳኝ በተነሰነሰበት ቤት መዋል አንድ አይደለም። ነገሩን በጤናቸው በኩል ብቻ ብንመዝነው እንኳ ዘዴው ሊደገፍ ይገባዋል።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸፍን ለመናገር፣ ይህ ድል የአበባው እርሻ ድል ነው እንጂ ገና የገበሬው አይደለም። በጠርሙስ የሚመጣ አዳኝ በገንዘብ ይገዛል፤ ከውጭ ሲመጣ የውጭ ምንዛሪ፣ አውሮፕላንና ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። ጎረቤታችን ኬንያ በናይቫሻ ራሷ ታረባለች። አንድ ጥማድ ቲማቲም ያለው ገበሬ ግን ይህን ወጪ ሊሸከም አይችልም። ታዲያ ዘዴው ለድኻ ገበሬ አይሆንም ብለን እንተወውን?

ከካሳቫ የተገኘ ትምህርት

መልሱን ከምዕራብ አፍሪካ እናገኘዋለን። በ1971 ከደቡብ አሜሪካ የመጣች አንዲት አረንጓዴ ማይት በኡጋንዳ በካሳቫ ላይ ታየች። ከዚያም ካሳቫ በሚበላበት የአፍሪካ ክፍል ሁሉ ተዛመተች። የካሳቫ ገበሬ መርዝ መግዣ የለውም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የትሮፒክ እርሻ ኢንስቲትዩት አዳኟን ከጥንት አገሯ መፈለግ ጀመረ። በ1980ዎቹ ከኮሎምቢያ የመጡት አዳኞች በአፍሪካ ምድር ሊለምዱ አልቻሉም። ሥራው ግን አልተቋረጠም። ከብራዚል የመጣው ቲፍሎድሮማለስ አሪፖ በ1993 በቤኒን ተለቀቀ፤ ለመደ፤ ከዚያም በእግሩ፣ በነፋስና በሰው እጅ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ።

የዚህ አዳኝ ጠባይ ልብ ሊባል ይገባል። ቀን ቀን በካሳቫው ጫፍ በለጋ ቅጠሎች መካከል ተሸሽጎ ይውላል፤ ማታ ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች ወርዶ ያድናል። ምርኮ ሲጠፋም በሌላ ምግብ፣ ለምሳሌ በበቆሎ የአበባ ዱቄት፣ ዕድሜውን ያቆያል። ለዚህም ነው ከቀድሞዎቹ ተለይቶ የሰነበተው። ገበሬው ለዚህ አገልግሎት አንድ ሳንቲም አልከፈለም፤ በየዓመቱም ጠርሙስ አልገዛም። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው፤ አንደኛው በየወቅቱ የሚገዛ አዳኝ፣ ሁለተኛው አገሩን ለምዶ በነጻ የሚያገለግል አዳኝ። ሁለተኛውን የሚሰጠን ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀት ነው።

እኛስ በቆሰበር?

ቆሰበር ደጋ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። በክረምት ቀይ ሸረሪት በዚህ አገር ብዙ ኃይል አይኖራትም። ነገር ግን በበጋ በመስኖ አትክልት ሲለማ፣ እንዲሁም ወደ ጃዊ ቆላ በወረድን መጠን አየሩ እየተስማማት ይሄዳል። ስለዚህ «ለእኛ አያሰጋንም» ብለን ልንተኛ አይገባንም። በሌላ በኩል ደግሞ ሳናውቅ ከውጭ አዳኝ አምጥተን እንልቀቅ የምንል አይደለንም፤ ይህ ፈቃድና ጥናት የሚጠይቅ የመንግሥት ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው፣ በአጥራችንና በወንዛችን ዳር የሚኖረውን አዳኝ አስቀድመን እንወቅ፤ ያለውንም አንግደል ነው።

ለገበሬ ወገኖቻችን ልንነግራቸው የምንችለው ቀላል ነገር አለ። ከመርጨት በፊት የቅጠሉን ጀርባ ማየት። ተባይ የያዘውን ክፍል ብቻ ማከም እንጂ ማሳውን በሙሉ አለማጠብ። በመንገድ ዳር ያለውን አትክልት ከአቧራ መጠበቅ፤ ውኃም እንዳይጠማው ማድረግ። በማሳው ዳር ያለውን ቁጥቋጦና አበባ ጨርሶ አለመመንጠር፤ የአዳኞች መጠጊያ ነውና። መርዝ የግድ ከሆነም የግብርና ባለሙያ ጠይቆ ወዳጅን የማይጎዳውን መምረጥ።

ለራሳችን ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ ዳንግላ፣ ወደ አንከሻ፣ ወደ ጓንጓ፣ ወደ ፋግታ ለኮማ፣ ወደ ጃዊ የምንበተን ሁሉ አንድ የእጅ መነጽር፣ አንድ ነጭ ወረቀትና ጥቂት አልኮል የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ብንይዝ ብዙ ሥራ መሥራት እንችላለን። የቲማቲሙን፣ የፎሶልያውን ወይም የዱር ቁጥቋጦውን ቅጠል በወረቀቱ ላይ መታ መታ እናድርግ። ከወረቀቱ ላይ ዝግ ብላ የምትንቀሳቀሰው ቀይ ሸረሪት ልትሆን ትችላለች፤ ፈጥኖ የሚሮጠው፣ የሚያብረቀርቀውና የእንባ ጠብታ የሚመስለው አዳኙ ሊሆን ይችላል። በጠርሙሱ ከትተን ተክሉን፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈን እንምጣ። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂና የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር በማይክሮስኮፕ ሊለዩት ይችላሉ። ሕግ የሚያጠናው የመርዝ ንግድ ደንቡን ይመርምርልን፤ ኢኮኖሚክስ የሚማረው አንድ ገበሬ በዓመት ለመርዝ የሚያወጣውን ገንዘብ ጠይቆ ይጻፍልን፤ አዊኛ ተናጋሪው ደግሞ አረጋውያን ለእነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚሰጧቸውን ስሞች ይመዝግብልን።

ከዚህ ሥራ ታላቅ ግኝት ይወጣል ብለን አንፎክርም። ነገር ግን ቤኒን ውስጥ ገበሬውን የረዳው አዳኝ የተገኘው ሰዎች ቅጠል እየገለበጡ ስላዩ ነው። በእኛም አገር ቅጠሉ አለ፤ ገልብጦ የሚያይ ግን ያስፈልጋል።